የጥምቀት ጉዟችንን እንሰርዝ ወይስ እንሂድ? በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት እንዴት እንደወሰንን

ለበዓል ወደ አገር ቤት ለመግባት ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ የፖለቲካው ሁኔታ ሲናጋ፣ በውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ «እንሂድ ወይስ እንቅር?» በሚል ጥያቄ ለወራት ሊጨነቅ ይችላል። እኛ የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የ2016 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ከእናቴ ጋር ለማክበር አስበን ነበር። ልጆቻችን አያታቸውን የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነበር፤ እናቴም ልጆቹን ይዤ እንድመጣ ተስላ ስለነበር ጉዞው ለእኛ ከተራ እረፍት በላይ ነበር። ይህን የምጽፈው ዛሬም በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች መኖራቸውን ስለማውቅና፣ ያኔ ጥያቄውን ከፋፍሎ የሚያሳየን ሰው ብናገኝ ብዙ ድካም ይቀልልን ስለነበረ ነው።

ቲኬቱን የቆረጥነው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ታኅሣሥና ጥር ዲያስፖራው በብዛት ወደ አገር ቤት የሚገባባቸው ወራት በመሆናቸው የበረራ ዋጋ ይወደዳል፤ ስለዚህ ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ጎንደር የሚያደርሰንን ቲኬት ቀደም ብለን በጉዞ ወኪል በኩል ገዛን። ብዙም ሳይቆይ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት ተባባሰና ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ለስድስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው። በዚያው ሰሞን ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎች ተቋርጠው ነበር። የጎንደርና የባሕር ዳር በረራ ከቀናት በኋላ ቢቀጥልም፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆየ። አዋጁ በተለይ አማራ ክልልን የሚመለከት ይሁን እንጂ፣ እንደ አስፈላጊነቱ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም ተፈጻሚ ሊሆን እንደሚችል ይደነግግ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጥርጣሬ መካከል አንድ የተረጋገጠ ነገር ነበረን። ስድስቱ ወራት ከሐምሌ 28 ጀምሮ ሲቆጠሩ የሚያበቁት በጥር መጨረሻ ነው፤ የጥምቀት በዓል ደግሞ ጥር 11 ቀን ይውላል። ስለዚህ ሁኔታው ቢረጋጋ እንኳ በዓሉ በአዋጁ ዘመን ውስጥ እንደሚውል፣ ማለትም የሰዓት እላፊ የሚታወጅበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው የሚያዝበትና ቤት የሚፈተሽበት ሥልጣን ለጸጥታ አካላት በተሰጠበት ጊዜ እንደሚሆን አወቅን። ይህን ቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀምጠን ካየነው በኋላ «እስከዚያ ይረጋጋል» የሚለውን ተስፋ ከውሳኔያችን አወጣነው። ለሌላውም ሰው የምመክረው በመጀመሪያ የአዋጁን ጽሑፍ አንብቦ፣ የሚጸናበትን ጊዜና ቦታ ከጉዞው ቀናት ጋር እንዲያስተያይ ነው፤ ወሬ ከመስማት በፊት ይህ ይቀድማል።

ሁኔታው ለብዙዎቻችን አዲስ እንዳልነበረም መናገር አለብኝ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ በመደበኛ በረራ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ደጋግሞ ሲያሳስብ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራና የኢትዮጵያ ወዳጆች ለገና አገር ቤት እንዲገቡ ጠርተው ነበር። በዚያን ጊዜ ከምናውቃቸው ቤተሰቦች አንዳንዱ የሄደው፣ አንዳንዱም የቀረው ከሁለቱ ጥሪዎች አንዱን በማመን ነው። ሁለቱም መንግሥታት የየራሳቸው ኃላፊነትና ምክንያት አላቸው፤ አንዳቸውም ግን የእናቴን ሰፈር አያውቁም። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው አገሩን ጨርሶ ለማያውቅ መንገደኛ ጭምር ነው፤ የበዓል ጥሪ ደግሞ የሚጻፈው ለሕዝብ በጅምላ ነው። ሁለቱንም ማንበብ ያስፈልጋል፤ ውሳኔን ለእነርሱ መተው ግን አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የዞርነው ወደ ዘመድ ነው፤ ከሁሉም በላይ ብዙ የተማርነውም እዚህ ላይ ነው። በስልክ «እንዴት ናችሁ? ሰላም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ሰላም ነው፣ እናንተ ብቻ ኑልኝ» ትለኛለች። ይህ መልስ ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ እናት ልጇ በባዕድ አገር እንድትጨነቅባት አትፈልግም፤ በዚያ ላይ በስልክ ስለ ጸጥታ ማውራት በአዋጅ ጊዜ ለሚያወራው ሰው ራሱ አደጋ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ስለ ጦርነት፣ ስለ ታጣቂ ወይም ስለ መንግሥት ምንም ሳንጠይቅ ስለ ዕለት ኑሮ ብቻ መጠየቅ ጀመርን። ታናሽ ወንድሜን «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ቤት ገባህ?» እለዋለሁ። እኅቴን «ልጆቹ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ትምህርት ቤት ሄዱ?» እላታለሁ። ባጃጅ ከቀኑ ስንት ሰዓት በኋላ እንደማይገኝ፣ ባንክ በአንድ ጊዜ ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ሰርግ የደገሰ ሰው በሰፈሩ መኖሩን፣ ጎረቤት ሌሊት ቢያማት በምን ሆስፒታል እንደምትደርስ፣ ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ወደ ገጠር የሄደ ሰው በምን መንገድ ሄዶ በምን እንደተመለሰ እንጠይቅ ነበር። መልሱ በአንድ ጊዜ ብዙም አይናገርም፤ ከሳምንት ሳምንት ሲተያይ ግን የከተማው ኑሮ እየሰፋ ወይም እየጠበበ መሄዱን በግልጽ ያሳያል። እኛም ያየነው ይህን ነው፦ ከተማው ውስጥ ቀን ቀን ገበያው ይካሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ከመሸ በኋላ ግን ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ ከከተማ ወደ ገጠር የሚወስደው መንገድም አንዱን ሳምንት ይከፈትና ሌላውን ሳምንት ይዘጋል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጣውን ለማጣራት ብዙ ጊዜ አላጠፋንም። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ አንዱ ከተማው ተያዘ ሲል ሌላው ምንም የለም ይላል፤ ሁለቱም ከከተማው ርቀው የሚያወሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ በቀላሉ ልናጣራው የምንችለው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም የዕለቱ የአዲስ አበባ–ጎንደር በረራ በሰዓቱ መነሳት አለመነሳቱ ነው። በረራዎችን የሚያሳዩ ገጾች ይህን በነፃ ያሳያሉ። አንድ በረራ መሰረዙ ብዙ ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ በተከታታይ ሲሰረዝ ግን ማንም ሳይነግርህ ብዙ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ከበደን ነገር ልግባ። ለወራት የተወያየነው እኛና ልጆቻችን ላይ ሊደርስ ስለሚችለው አደጋ ነበር፤ ውሳኔያችንን የለወጠው ግን የእኛ መምጣት ለተቀባዮቻችን ምን እንደሚያመጣ ስናስብ ነው። ከአሜሪካ ልጅ መጣች ሲባል በእኛ ባህል እናቴ ብቻዋን አትቀበለንም። አጎቶቼና አክስቶቼ ከደንቢያና ከበለሳ ይመጣሉ፤ የክርስትና ልጆች፣ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ የድሮ ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በዚያ ሰዓት በማይታመን መንገድ ላይ የሚወጡት በእኛ ምክንያት ነው። እኛ በአውሮፕላን ገብተን በአውሮፕላን ልንወጣ እንችላለን፤ እነርሱ ግን ኬላ ማለፍ፣ መንገድ ሲዘጋ ማደሪያ መፈለግ፣ አንዳንዴም ከመኪና ወርዶ በእግር መሄድ ይጠብቃቸዋል። በዚያን ዘመን ለገንዘብ ሲባል ሰው ማገት በመንገድም በከተማም እየተስፋፋ ነበር። ከውጭ የመጣ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ዶላር ያለበት ቤት ተደርጎ ይታያል፤ እኛ ከተመለስን በኋላም ያ ስም ከእናቴ ቤት ጋር ይቀራል። ወንድሜ ይህን በቀጥታ አልነገረኝም፤ «ስትመጡ ለብዙ ሰው ባንናገር ይሻላል» ብቻ ነው ያለኝ። በበዓል ቀን፣ ለዚያውም በጎንደር ጥምቀት፣ እንግዳን ደብቆ ማስተናገድ እንደማይቻል እርሱም እኔም እናውቃለን።

በዚህ ጊዜ ነው ጉዞውን ለሁለት የከፈልነው። እስከዚያ ድረስ «መሄድ» ወይም «መቅረት» የሚሉ ሁለት አማራጮች ብቻ ያሉ ይመስለን ነበር። ባለቤቴ መቅረትን ይመርጥ ነበር፤ እኔ መሄድን። ሁለታችንም ስለ ተለያየ ጉዞ እየተከራከርን እንደነበር የገባን፣ የአዲስ አበባውን ክፍል ከጎንደሩ ክፍል ለይተን፣ ለእያንዳንዱ «የሚያሰጋው ነገር ቢደርስ እዚያው ሆነን ምን እናደርጋለን?» ብለን ስንጠይቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ልጅ ቢታመም የምንሄድባቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ ዓለም አቀፉ አየር ማረፊያ እዚያው ነው፤ ኢንተርኔት አለ፤ ኤምባሲም አለ። ጎንደር ላይ የአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ በረራ ከተቋረጠ ከከተማው የሚያስወጣው በመኪና በጎጃም በኩል እስከ ዓባይ ሸለቆና ከዚያም ወዲህ የሚያልፍ ረጅም መንገድ ነው፤ እኛ ደግሞ ልጆች ይዘን በዚያ መንገድ እንደማንሄድ በመጀመሪያው ቀን ተስማምተናል። ስለዚህ ለጎንደሩ ክፍል የነበረን መልስ «እስኪከፈት እንጠብቃለን» ብቻ ነበር። ከሥራ የተሰጠን ፈቃድና የልጆቹ ትምህርት ደግሞ ብዙ የሚያስጠብቅ አልነበረም።

ስለ ፓስፖርትም መታሰብ አለበት። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው በተለምዶ ቢጫ ካርድ በምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ብዙ መብቶችም አሉት፤ በሕግ ፊት ግን የውጭ ዜጋ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 አንድ የውጭ ዜጋ ሲያዝ ቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው፤ ስልክ በማይሠራበትና መንገድ በተዘጋበት ቦታ ግን የኤምባሲ ሰው በአካል ይደርስልኛል ብሎ ማሰብ አይቻልም። እኛ የሁላችንንም ስምና የጉዞ ቀን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለተጓዦች ባዘጋጀው ነፃ መመዝገቢያ ላይ አስመዘገብን፤ የፓስፖርቶቻችንን ቅጂም ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ ጓደኞቻችን ሰጠን። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ይህ የቆንስላ ጥበቃ እንደማይመለከተው አውቆ መወሰን አለበት።

የገንዘቡ ጉዳይ ከሁሉ ቀላሉ ቢመስልም ሰውን ለስሕተት የሚያቻኩለው እርሱ ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተጓዡ ራሱ ሲሰርዝና አየር መንገዱ ሲሰርዝ ውጤቱ በጣም ይለያያል። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ የሚመጣ በረራን አየር መንገዱ ራሱ ከሰረዘው፣ ቲኬቱ «ገንዘብ የማይመለስበት» ዓይነት ቢሆንም ተጓዡ ሌላውን አማራጭ ካልተቀበለ ገንዘቡ እንዲመለስለት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ደንብ ያዛል። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚነሱም ደንብ ቁጥር 261/2004 የየትኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን በረራውን ሲሰርዝ ገንዘቡን በ7 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። ተጓዡ ፈርቶ ቀድሞ ከሰረዘ ግን የሚዳኘው በቲኬቱ ውል ብቻ ነው፤ የሚቀረው ወይ ቅጣት ተቀንሶ የሚመለስ፣ ወይ ለሌላ ቀን የሚሸጋገር ዋጋ ነው። ስለዚህ በድንጋጤ ቀን ቲኬት አይሰረዝም፤ መጀመሪያ የውሉ የመጨረሻ ቀን ይታያል። በሌላ በኩል እስከ መጨረሻው ጠብቆ ምንም ሳይናገሩ መቅረትም ይጎዳል፤ ሳያስታውቅ የቀረ ሰው ተጨማሪ ቅጣት ይኖርበታል፣ የመጀመሪያውን በረራ ካልተሳፈረም ቀጣዮቹ በረራዎች በሙሉ ይሰረዙበታል።

ከጉዞ ወኪል የተገዛ ቲኬት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አየር መንገዱ ቅጣት ሳይጠይቅ ቀን ሊለውጥ ፈቃደኛ ሲሆን እንኳ ወኪሉ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል፤ ተመላሽ ገንዘብም በወኪሉ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ይዘገያል። እኛ ወኪላችን በስልክ የነገረንን ሁሉ በጽሑፍ እንዲልክልን ጠየቅን፤ ያ ጽሑፍ ኋላ ላይ በክፍያው መጠን ስንከራከር ጠቀመን። አንድ ነገር ደግሞ በጣም ረድቶናል። የአዲስ አበባ–ጎንደሩ በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ቲኬት ላይ የተያዘ በመሆኑ፣ የአገር ውስጡን ክፍል ብቻ አስወጥተን ሌላውን እንዳለ ማቆየት እንደሚቻል ስንጠይቅ በአንድ ማስተካከያ አለቀልን። የአገር ውስጥ በረራን ለየብቻ የገዛ ሰው ግን የዋናው በረራ መዘግየትና መሰረዝ ለሁለተኛው ቲኬት ምክንያት እንደማይሆንለት ይወቅ።

ኢንሹራንስን በሚመለከት ብዙ ሰው ችግሩ ከተፈጠረ በኋላ ይገዛና የተሸፈነ ይመስለዋል። የጉዞ ኢንሹራንስ አስቀድሞ በይፋ የታወቀን ክስተት አይሸፍንም፤ ከሐምሌ 28 በኋላ የተገዛ ውል በዚያ ግጭት ምክንያት ለሚሰረዝ ጉዞ መክፈል አይጠበቅበትም። ጦርነትንና የእርስ በርስ ግጭትንም ብዙዎቹ ውሎች በግልጽ ከሽፋን ያስወጣሉ። በአሜሪካ ሰው «በማንኛውም ምክንያት» መሰረዝ የሚያስችለው ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ለጉዞው የመጀመሪያ ክፍያ ከተከፈለ ከ14 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ መገዛት አለበት፣ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ካልተሰረዘ አይሠራም፣ የሚመልሰውም ከወጪው ከ50 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ነው። በብሪታንያ የሚኖር ሰው ደግሞ የአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «አትሂዱ» ወዳለበት አካባቢ ከሄደ አብዛኛው ኢንሹራንስ ለሕክምና ጭምር ዋጋ እንደሚያጣ ሊያውቅ ይገባል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ የሕክምናው ነገር ነው። የቲኬት ገንዘብ ጠፍቶ ይረሳል፤ ሕመምተኛን በአውሮፕላን የማውጣት ወጪ ግን ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከት ነው።

የመኖሪያ ፈቃዳቸው ገና ያልጸና ወገኖች ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ጥያቄ አለባቸው፤ መመለሻዬ የተጠበቀ ነው ወይ? ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሸሽቼዋለሁ ወዳለው አገር መጓዙ ጉዳዩን ሊያስነሳበት ስለሚችል ጠበቃ ሳያማክር ቲኬት መቁረጥ የለበትም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ጥያቄ ይነሳበታል፤ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ ካርዱን ሊያጣ ይችላል። በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ እኅቶችና ወንድሞች የመውጫና የመመለሻ ቪዛቸው ቀን ካለፈ ኢቃማቸው (የመኖሪያ ፈቃዳቸው) አደጋ ላይ ስለሚወድቅ፣ መንገድ ሊዘጋ ወደሚችልበት ቦታ ሲሄዱ ከሌላው ሰው የበለጠ የመጠባበቂያ ቀን ያስፈልጋቸዋል።

የውሳኔውን ቀን የወሰነልን ግን የቲኬቱ ውል አልነበረም። እናቴ ለበዓሉ ጠላ የምትጠነስስበት፣ በጉ የሚገዛበት፣ ለዘመድም መልእክት የሚላክበት ጊዜ አለ። ያ ከሆነ በኋላ ቀርተናል ማለት ሐዘን ከማምጣቱም በላይ ዘመዶቹ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ የገና ጾም እኩሌታ ሳያልፍ እንድንወስን ተስማማን። ያ ቀን ሲደርስ የነበረን መረጃ ሁሉ ወደ አንድ ነገር አመለከተን፦ ጎንደርን መተው፣ አዲስ አበባ መግባት፣ እናቴንም በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት።

ለእናቴ መንገሩ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ ለታላቅ ወንድማችን ነገርነውና፣ እርሱ የንስሐ አባቷን ይዞ ቤት ድረስ ሄዶ አነጋገራት። እኔ በስልክ ብነግራት ኖሮ ፍርሃት ብቻ ይመስላት ነበር፤ ስለቷ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ካህኑ የሚናገርበት ጉዳይ ነው። እርሳቸውም ልጆቹን ይዛ በምትገኝበት ቤተ ክርስቲያን ስለቷን ማድረስ እንደምትችል ገለጡላት። ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያስ እኔ እመጣለሁ» አለች። በእንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ የሚያስማማ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ማስገባት ከብዙ የስልክ ማብራሪያ ይሻላል፤ ለእናቶቻችን «አልመጣም» የሚለውን ቃል ብቻውን መላክ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥምቀትን አዲስ አበባ ጃን ሜዳ አከበርን። በከተራው ዕለት ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ሲያድሩ፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ሲቀደስ፣ ጠዋት ጸበል ሲረጭ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ነበሩ። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል የሚከበር በዓል ነው፤ ሆኖም የአፄ ፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ለሚያውቅ ሰው የጎንደሩን የሚተካ የለም። ያንን ክፍተት ለልጆቼ አልሸፈንኩላቸውም፤ ምን እንደቀረብንና ለምን እንደቀረብን በአቅማቸው ነገርኳቸው። ጎንደርም ላይ ታቦታቱ ወጥተው በዓሉ ተከብሯል። ይህን ሲሰሙ «ይኸው ብትመጡ ኖሮ» ያሉን ወዳጆች ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ቀን በነበረው መረጃ ነው፣ ኋላ በሆነው ነገር ከተመዘነ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ለመወሰን የሚይዘው ነገር ያጣል። አዋጁ ደግሞ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዘመ።

ወላጅን ከክልል ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ለሚያስቡ ሰዎች ጥቂት ነገር ልጨምር። የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ከሁለት ወር በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሥራቸው ስለሚቆራረጥ ማሳደስ ይዘገያል፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ አውሮፕላን መሳፈር አይቻልም። የአገር ውስጥ ቲኬት እዚያው ባለ ዘመድ በኩል በብር ቢገዛ፣ ቀን መለወጥ ሲያስፈልግም ያ ዘመድ በቅርብ ይገኛል። ጉልበት የሚያማቸው እናት ከሆኑ ቲኬቱ ሲቆረጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲጻፍላቸው ማድረግ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትም ለተጨማሪ ሳምንታት በቂ አድርጎ መያዝ ይገባል፤ መመለሻው ሊዘገይ ይችላልና። ማረፊያውን በተመለከተ እኛ ሆቴል ትተን ወጥ ቤት ያለው የእንግዳ ማረፊያ ተከራየን፤ እናቴ በራሷ እጅ ቡና አፍልታ ልጆቹን ማብላት ስለምትፈልግ ነው። የመመለሻ በረራዋንም ከእኛ በረራ ጥቂት ቀናት አስቀድመን ያዝን፤ የጎንደር በረራ ቢቋረጥ አብረናት ሆነን ሌላ መላ እንድንፈልግ እንጂ፣ እኛ ከሄድን በኋላ ብቻዋን አዲስ አበባ እንዳትቀር ብለን ነው። በረራው በሰዓቱ ተነሳ፤ ወንድሜም አየር ማረፊያ ተቀብሎ ቀን ሳይመሽ ቤቷ አስገባት።